የካፉሪ ማዳሞች አማርኛ ያነበቡ ጊዜ

«እሷ እኮ አዲስ ነገር አትወድም» እየተባልኩ ነው የምታማው። ይህን የሚያስወራው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙንም አልደብቅም፤ አቶ ሽመልስ ነው። ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማ የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሐሜቱ የሚመረተውም እዚያው ነው።

እኔ አዲስ ነገር አልጠላም። ማቀዝቀዣ እወዳለሁ። በካርቱም ሙቀት ማቀዝቀዣ የማይወድ ሰው ካለ ሐኪም ይየው። የምጠላው፣ ውሃ ያቀዘቅዝልኛል ብዬ ገዝቼው ዘፈን የሚዘፍንልኝን፣ ሰዓት የሚነግረኝን፣ በመጨረሻም ውሃውን ማቀዝቀዝ የሚረሳውን ዓይነት ነው። አቶ ሽመልስ ደግሞ በሕይወቱ ሙሉ የሚወደው ይህንኑ ነው። ይህን ካወቃችሁልኝ ቀሪው ይገባችኋል።

ዴም ውስጥ በተከራየሁት ክፍል፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች የአማርኛ ፊደል አስተምራለሁ። ልጆቹ ፊደሉን በአማርኛ ይቆጥሩና ጠቡን በዓረብኛ ያካሂዱታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጀምርላቸው መሐሉ ላይ ጥለውኝ ይወጣሉ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቤቱ በሌላ እንግዳ ይሞላል፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ በየቪላው ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ይመጣሉ። አብዛኞቹ የወሎ ናቸው። ወረቀት አነብላቸዋለሁ፣ አስተረጉምላቸዋለሁ። እነሱ ግን ከወረቀቱ በላይ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ የትኛው ቤት ይገባበታል? ከየትኛውስ ይሮጣል?

ስለዚህ ሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አንድ ድረ ገጽ ከፈትኩ። አዎን፣ አዲስ ነገር የማልወደው እኔ።

ገጿ ነጭ ነበረች፤ ፊደሏ ጥቁር። ሌላ ምንም አልነበራትም። ኔትወርኩ ሲደክምም ትከፈታለች፤ የምትሸከመው ነገር የለማ። እያንዳንዱ ቪላ የራሱ መስመር አለው፤ ስም አልጽፍም፣ በበሩ ነው የምለየው። ለምሳሌ፦

«ነጭ በር፣ ጥግ ላይ ያለው። ማዳሟ ደግ ናት፤ አማቷ ግን በሕይወት አሉ።»

«ውሻ ያለበት ቤት። ከውሻው ጋር መስማማት ይቻላል።»

«ሰማያዊ በር። ማዳሟ ክፉ አይደለችም፤ ብቻ ታዜማለች።»

መስመር ሲያረጅ አጠፋዋለሁ፤ አዲስ ሲኖር እጽፋለሁ። ለገጿ መቆለፊያ አላበጀሁላትም። ፊደሉ ራሱ አጥር ነበር። ካፉሪ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ የቪላ ባለቤት የለም። ሴቶቹ እዚያው ማዳማቸው ፊት ቆመው ስለ እሷው እያነበቡ ይስቃሉ። «ምን ያስቅሻል?» ስትላቸው «እናቴን ተሻላት» ይላሉ። ማዳሟም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እንዲህ በሰላም እንኖር ነበር።

አሁን ወደ ችግሩ ቤት ልውሰዳችሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦

«አረንጓዴ በር። ማዳሟ እንግዳ ሲመጣ ትስቃለች፤ እንግዳው ሲወጣ ሳቋን ከስኳሩ ጋር ትቆልፍበታለች። ወጧ ሳሙና ሳሙና ይላል። ባሏ ሙሉ ቀን ጋዜጣ ያነባል፤ ጋዜጣው ግን የአምና ነው። ኢጃዛ እሰጣለሁ ትላለች፤ ስትሰጥ ያየ ሰው የለም።»

ኢጃዛ ማለት አገር ቤት ደርሶ መመለሻ ፈቃድ ነው። እዚያ ቤት የምትሠራው ዘይነባ ናት። ዘይነባን ምንም አልልባትም፤ ከሰው ሁሉ እኔ ምንም የማልላት እሷን ብቻ ነው። ልጇን ጡት አስጥላ ለእናቷ ሰጥታ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስታድግ ያየቻት በስልክ ነው። አሁን ልጅቷ ኮምቦልቻ ልትዳር ነው። የዘይነባ ጀዋዝ፣ ማለት ፓስፖርቷ፣ ማዳሟ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ማዳሟ እንደምንም «ኢንሻላህ፣ እህቴ ትዳንልኝና ትሄጃለሽ» ብላለች። እህቷ ሶባ ሆስፒታል ተኝታ፣ ማዳሟ እዚያ እያስታመመች ነው። ዘይነባ ለሙሽራዋ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ገዝታ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ እየጠበቀች ነው።

አቶ ሽመልስ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

ከእሱ ጋር የቆየ ነገር አለን። እንደተሰደድን ሰሞን ማኅበራችን በእጅ የምትባዛ መጽሔት ነበረችው፤ አዘጋጁ አቶ ሽመልስ ነበር። አንድ አጭር ጽሑፍ ሰጠሁት። ሲወጣ መግቢያ ተጨምሮለታል፣ መደምደሚያ ተጨምሮለታል፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ የአበባ ሐረግና የእሱ ስም ተጨምሮለታል። የጎደለው የእኔ ስም ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው የምለው። የማያውቀን ሰው ማክበሬ ይመስለዋል። እሱ ያውቃል።

በሴቶቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ።

«ይሄ ሶፍትዌር» አለ፣ «ሁሉም ነገር አብሮት ነው የሚመጣው። ምንም አትጨምሩበትም። የፎቶ ማንሸራተቻ አለው፣ አስተያየት መስጫ አለው፣ የቀን መቁጠሪያ አለው፣ የአየሩን ጠባይ ይናገራል።»

«የየትን አየር?» አልኩት።

«የካርቱምን ነዋ።»

«ካርቱም ይሞቃል። ይኸው፣ ያለ ሶፍትዌር ነገርኩዎት።»

ሴቶቹ ሳቁ። አሸንፌያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አቶ ሽመልስ ግን አንድ ነገር ነካ አደረገና ከገጹ አናት ላይ ሮዝ ጽጌረዳ ቀስ ብላ ትፈነዳ፣ ቀስ ብላ ትከደን ጀመር። ሳቁ ቆመ።

«እትዬ» አለችኝ አንዷ፣ ላለማስቀየም ድምጿን አለስልሳ፣ «የእርስዎ ገጽ እኮ ጥሩ ነው። ብቻ የመድኃኒት ወረቀት ነው የሚመስለው።»

በጽጌረዳ ተሸነፍኩ። በማግሥቱ አቶ ሽመልስ የጻፍኩትን ሁሉ ገልብጦ ወደ አዲሱ ቤት አስገባው።

አዲሱ ገጽ እስኪከፈት ልብስ ይታጠባል። መጀመሪያ ጽጌረዳዋ ትመጣለች። ቀጥሎ ካርቱም እንደሚሞቅ ይነገራችኋል። ቀጥሎ «እንኳን ተወለዱ» ይላል፤ ያልተወለዳችሁበትን ቀን መርጦ። ከዚያ በኋላ ነው ቪላዎቹ የሚመጡት፣ በእያንዳንዱ ቪላ ሥር ኮከብ ተደርድሮ። ለምንድን ነው ስለው፣ «ሰው ቤቱን በኮከብ ይመዝነዋል፤ አብሮት የመጣ ነው» አለኝ። ሴቶቹ ለሰማያዊ በር አራት ሰጡ፤ ዘፈኗን ለምደውታል። አረንጓዴ በር አንድ ኮከብ ነበረው፤ እሱንም የሰጠችው ልጅ እጄ ስቶ ነው ብላ ምላለች።

ከላይ ጥጉ ላይ ደግሞ «ተርጉም» የምትል ትንሽ ቁልፍ ነበረች። አይቻታለሁ። ጌጥ መስላኝ አለፍኳት። ለካስ መነካት እንኳ አያስፈልጋትም፤ የአንባቢው ስልክ ዓረብኛ ከሆነ ገጹ በገዛ ፈቃዱ ዓረብኛ ይሆናል።

«ማን ጠየቀው?» አልኩት በኋላ አቶ ሽመልስን።

«አይጠየቅም እኮ! ጥቅሙ እሱ ነው» አለኝ፣ አጥሬን ነቅሎ።

በአንድ ዓርብ ዘይነባ ገባች። ሰላም ሳትል፣ ያቀረብኩላትን ውሃ ሳትነካ ቆመች።

«እትዬ፣ አለቀልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«የሰማያዊ በር ማዳም ገጹን አነበበችው።»

«በምን አማርኛዋ?»

«በዓረብኛ ነው እንጂ። ልጇ የሠራተኛዋን ስልክ ስትነካካ አግኝታው፣ ለእናቷ ላከችላት፤ ሲከፈት ዓረብኛ ሆኖ ተከፈተ። ሴትዮዋ ሶፋው ላይ በሳቅ ተንከባለለች አሉ። የኛዋ ወጥ ሳሙና ይላል የሚለውን ደጋግማ አስነበበች።»

«የራሷን አላየችም? ታዜማለች ብያታለሁ እኮ።»

«አይታለች። ደስ ብሏታል።»

«ያንቺዋስ?»

«ሶባ ናት። ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ ነው ያለው። ዛሬ ነገ ትመለሳለች። ካየችው ኢጃዛም የለ፣ ጀዋዝም የለ። ልጄ ትዳራለች፣ እኔ የሰው ሰሃን አጥባለሁ።» ከዚያ በዝግታ፣ ሳትቆጣ ጨመረችበት፤ «እትዬ፣ ደግሞስ ባልዬውን ምን በወጣው ብለው ነው የነካኩት?»

የጻፍኩት አንድም ሐሰት የለበትም።

በዚያች በነጯ ገጼ ቢሆን አንዲት መስመር ማጥፋት ከማስነጠስ ያንሳል። አሁን ግን ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ፓስዎርዱ ያለው አቶ ሽመልስ ዘንድ ነው። ስለዚህ በስደት ዘመኔ ሁሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ዘይነባን አስከትዬ ሱቁ ድረስ ሄድኩለት።

«ይኸው! መጣሽልኝ!» አለ፣ ወንበር እየጠረገ።

«የመጣሁት አንድ መስመር ላጠፋ ነው። ያጥፉልኝና ልሂድ።»

«ማጥፋት እኮ ያረጀ አሠራር ነው። እናስተካክለዋለን።»

አስተካከለ። «ወጧ ሳሙና ሳሙና ይላል» የሚለውን ሰርዞ «ወጧ ይበላል» አለ። ወዲያው የዘይነባ ስልክ ጮኸ። የእሱም ጮኸ። መንገድ ላይ ያለፈችው ሴት ቦርሳም ጮኸ። «አረንጓዴ በር ተሻሽሏል፤ ምን እንደተለወጠ ይመልከቱ» ይላል። ሲከፈት የቀድሞው በቀይ ተሰርዞ፣ አዲሱ በአረንጓዴ ተጽፎ ጎን ለጎን ቆመዋል። ያላነበበ ሰው ሁሉ አሁን አነበበ።

«ይሄም አብሮት የመጣ ነው?» አልኩ።

«ግልጽነት ነው» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ያጥፉት!»

አጠፋው። ገጹም የጠፋውን ከሥር አንሥቶ አናቱ ላይ ሰቀለው፣ ከጽጌረዳዋ አጠገብ። «ይህን ያስታውሱታል?» ይላል። ሶፍትዌሩ ሰው ያጠፋውን ነገር እየናፈቀ የሚኖር ፍጡር ነው።

«ቆይ፣ እንደብቀዋለን። አባል ያልሆነ እንዳያየው» አለ አቶ ሽመልስ። ደበቀው። በቦታው «ሊያነቡት ከፈለጉ ይመዝገቡ» የሚል መጣ። ካፉሪ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሲሰማ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። ወዲያው የማናውቃቸው የዓረብኛ ስሞች ይመዘገቡ ጀመር። አቶ ሽመልስ ራሱን መግዛት አቃተው።

«አንባቢ ጨመረ እኮ!»

«ሽመልስ!» አልኩት። «እርስዎ» ማለትን የረሳሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ወዲያው መልሼዋለሁ።

በዚሁ መሐል መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ የለውም፤ ሱቁ ጨለመ። የጠፋው ግን የእኛ መብራት ብቻ ነው፤ ገጹ የማላውቀው አገር ተቀምጦ፣ ጽጌረዳውን እያፈነዳ ያበራል። ሦስታችንም በጨለማው ቆመን ሳለ የዘይነባ ስልክ ጠራ። እያዳመጠች ፊቷ ተለወጠ።

«እሺ ማዳም» አለች፣ ዘጋችው። «ከሶባ ተመልሳለች። አንብባዋለች። ‹የጻፈችውን ሴትዮ ይዘሽልኝ ነይ› አለችኝ።»

ሚኒባስ ተሳፈርን። አቶ ሽመልስ ሱቁን ዘግቶ ተከተለን፤ «ቴክኒኩን የማስረዳው እኔ ነኝ» ብሎ። ዘይነባ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓባይን ታያለች። እኔ ለማዳሟ የምለውን በዓረብኛ አዘጋጃለሁ። ዓረብኛዬ ለገበያ ይበቃል፣ ለፖሊስ ይበቃል፣ ለክርክርማ ይተርፋል። ለይቅርታ የሚሆን ቃል ግን ድልድዩን እስክንጨርስ ፈልጌ አጣሁ።

አረንጓዴውን በር ገባን። ባለፈው ጊዜ ዘይነባ ስትቀጠር ላስተረጉም መጥቼ፣ ማዳሟ ኩሽና በር ላይ አቁማኝ ነበር። አሁን ሳሎን አስገባችን። ባልየው ጥግ ላይ ከጋዜጣው ኋላ ተቀምጧል። ማዳሟ ስልኳን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ።» ጮክ ብላ ታነበው ጀመር። ሳቋን ከስኳሩ ጋር የሚለው ላይ ትንሽ ቆመች፤ ቀጠለች። የሳሙናውን አነበበች። ጋዜጣው የአምና ነው የሚለው ጋ ስትደርስ ባልየው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ፣ ከላይ ያለውን ቀን አየ፣ መልሶ ከፍ አደረገው። የኢጃዛውን አነበበች። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ትርጉሙ ጥሩ ነበር። እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረ ነበር። ይህም አናደደኝ።

«ይሄን ሁሉ ልተወው» አለች ማዳሟ። «ይሄን ግን ንገሪኝ።» ስልኳን አዞረችው። «ኮከቡ ምንድን ነው?»

«የመመዘኛ ኮከብ ነው እመቤቴ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ…» አለ አቶ ሽመልስ።

«ኢሕሳን ለምን አራት አላት?» ኢሕሳን የሰማያዊ በር ማዳም ናት። «እሷ አራት፣ እኔ አንድ? እሷ ስታዜም እኮ ድመቴ አጥር ዘልላ ትሸሻለች! ዛሬ ደውላ ‹እህትሽን እንዴት አደረጋት?› ብላ ጠየቀችኝ፤ ያን ሁሉ ስታወራኝ ስትስቅ ነበር። ኮከቤን አይታ ነው!»

አቶ ሽመልስ ኮከብ የሚሰጠው ቁልፉን የተጫነ ሁሉ መሆኑን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት። ለመጽሔቱም ጭምር ነው የረገጥኩት፤ ጠንከር አድርጌ።

«ኮከብ በሥራ ነው የሚገኝ» አልኳት። «ገጹ ያየውን ይጽፋል። ኢሕሳን ለሠራተኛዋ ኢጃዛ ሰጥታለች።»

ሰጥታለች ወይ? አላውቅም። ሰው እያዜመ ብዙ ነገር ይሰጣል።

«ለስንት ጊዜ?»

«አንድ ወር።»

«ዘይነባ ሁለት ወር ትሄዳለች!» አለች ማዳሟ፣ እየተነሣች። መኝታ ቤት ገባች፤ የቁም ሣጥን ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማን። ዘይነባ የነጠላዋን ጫፍ መጠምዘዝ አቆመች። ማዳሟ ጀዋዙን ይዛ ወጣች፤ በሌላ እጇ ደግሞ የሙሽራ ሽቶ፣ ያን ሱዳኖቹ ኹምራ የሚሉትን፣ በብልቃጥ ይዛለች።

«ይሄን ሙሽራዋ ትቀባ። ኢሕሳን ሽቶ ሰጥታለች?»

«ሽቶ እንኳ አልሰጠችም።»

«ጻፊው!»

«መጀመሪያ ዘይነባ እጅ ይግባና። ገጹ ያላየውን አይጽፍም።»

ጀዋዙ ዘይነባ እጅ ገባ። ገልጣ ፎቶዋን አየች፤ ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይወስድባት ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም።

«ወጡስ?» አለች ማዳሟ፣ ለስለስ ብላ። «የወጡን ነገር ታስተካክይዋለሽ?»

«የወጡ እንዳለ ይቆያል» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። አቶ ሽመልስ ወደ በሩ አየ። ከጋዜጣው ኋላ የባልየው ድምፅ መጣ።

«ዋላሂ፣ እውነቷን ነው።»

ዘይነባ በዚያው ሳምንት ሄደች። አቶ ሽመልስ ደግሞ በቀጣዩ የማኅበር ስብሰባ ተነሥቶ፣ ዘይነባን ለልጇ ሠርግ ያበቃት ሶፍትዌሩ መሆኑን ተናገረ። ሴቶቹ አጨበጨቡለት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየሽ? በዚያች በነጯ ገጽሽ ቢሆን ማዳሟ አታነብም ነበር። ባታነብ ደግሞ ጀዋዙ አይወጣም ነበር» አለኝ። ለዚህ ሙግት መልስ አለኝ። እስካሁን አልመጣልኝም እንጂ አለኝ።

ዘይነባ ከሠርጉ ማግሥት ደወለችልኝ። ከኋላዋ ከበሮው ይሰማል።

«እትዬ፣ አልመለስም። ልጄ አጠገብ ቤት አግኝቻለሁ።»

«ማዳምሽን ምን ልበላት?»

«እርስዎ የሚሉት አያጡም» ብላ ሳቀችና ስልኩን ለሙሽራዋ ሰጠቻት። ሙሽራዋ ሰላም አለችኝ። ድምጿ የእናቷ ነው።

ማዳሟ ታዲያ በየቀኑ ትደውልልኛለች። ሁለት ነገር ትጠይቀኛለች፤ ዘይነባ መቼ ትመጣለች? አምስተኛው ኮከብስ? እኔ የያዝኳት ስልክ ቁልፍ ያላት አሮጌ ናት፤ ትደውላለች፣ ትቀበላለች፣ ሌላ አታውቅም። አነሣላታለሁ፤ አንድ ቃል እንደማይገባት እያወቅሁ በአማርኛ እመልስላታለሁ። እህቷ እንዴት እንዳደረች እጠይቃለሁ፤ ስለ ባሏ ጋዜጣ አሳስባለሁ፤ ስለ አቶ ሽመልስ የቆየውን ሁሉ ከመጽሔቱ ጀምሬ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። አሁን ዝም ብላ ትሰማኛለች፤ ስጨርስ በዓረብኛ «ጠይብ»፣ እሺ እንደማለት፣ ብላ ትዘጋዋለች። አንዳንድ ቀን ሳትደውል ስታመሽ ስልኩን አንሥቼ እንዳልተበላሸ አያለሁ። በዚህ ከተማ አማርኛዬን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ ሌላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።